ከሽንሌ የመጣ አፈር

ኢልሃን ክረምቱን ሽንሌ ከርማ በተመለሰች ቁጥር እናቷ ዐናብ ከማቀፏ በፊት ደጃፉ ላይ ታቆማታለች። በአንድ እጇ ውሃ የሞላ ብርጭቆ፣ በሌላው የትል ኪኒን ይዛ።

"ዋጪና ግቢ።"

"ሆዮ፣ እናቴ፣ ሰላም እንኳ አላልሽኝም እኮ!"

"ሆድሽ ይጠረግና ሰላም እልሻለሁ።"

ልጅቷ ኪኒኑን ምላሷ ላይ አድርጋ ዓይኗን አጉረጠረጠች፤ መርዝ እንደ ዋጠ ሰው አንገቷን ይዛ ተንገዳገደችና ሳቀች። ጉንጯ ሞልቷል። ሰኔ ላይ ስትሄድ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው ቀሚስ አሁን ልክ ሆኗታል። የትኛዋም እናት ይህን ብታይ እልል ትል ነበር። የዐናብም ደረት ለአፍታ ሞቅ አለው። ወዲያው ግን ያ የማይለቃት ነገር ከውስጧ ብድግ አለ፤ ምን አብልታት ነው እንዲህ ያማረባት?

"አብልታት" ያለቻት ባቱሎን ነው፤ የሟች ባሏን የሂርሲን እህት። ሂርሲ ሲሞት ዐናብ ጅግጅጋ መጥታ የመጋረጃና የአንሶላ ሱቅ ከፈተች፤ ልጅቷን ግን ሽንሌ ለባቱሎ ትታላት ነበር። ሱቁ እግር ሲያወጣ፣ ኢልሃንም አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት፣ ሄዳ ወሰደቻት። ባቱሎ ያን ቀን አልተሰናበተቻቸውም። ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርቷን ታጠጣ ነበር። ዐናብ ያንን ጀርባ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ደሙ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ልጅቷ ሽንት ቤት ገብታ ነጭ ሆና ትወጣለች። አሜባ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ወሰደች። ታይፎይድ ነው ተባለ፤ እሱንም ወሰደች። በመጨረሻ ዶክተር ተሻለ የሚባል፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ዝምተኛ ሐኪም አዲስ አበባ ላካት። እዚያ በካሜራ ሲያዩት የትልቁ አንጀቷ ግድግዳ ቆስሎ ተገኘ።

"ተላላፊ አይደለም" አላት ዶክተር ተሻለ ለዐናብ፣ ሲመለሱ። "የሰውነቷ ዘብ ጠላት መስሎት የገዛ አንጀቷን እየወጋ ነው። ያዘዝኩላትን መድኃኒት አታቋርጡ፤ ረጅም ሕመም ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል።"

ይመጣል፣ ይሄዳል ያለው ግን ለዐናብ አልተዋጠላትም። እሷ ያየችው ሌላ ነው። ልጅቷ ሽንሌ ስትከርም ይሄዳል፤ ጅግጅጋ ስትመለስ ይመጣል። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ዘንድሮ ደግሞ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ግንቦት ላይ የመንግሥት ፈተና አለባት። ፈተና መሐል እጇን አውጥታ ወደ ውጭ የምትሮጥ ልጅ ምን ልትሠራ ነው? ዐናብን እንቅልፍ የሚነሳት ይህ ነበር።

ኪኒኑን በተመለከተ ግን ጥርጣሬ የላትም። ዐናብ ፊደል የቆጠረችው በትልቅነቷ፣ ሱቋን ዘግታ በምትሄድበት የጎልማሶች ትምህርት ነው። መምህርቷ ቤዛ አንድ ቀን ክፍሉን ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያው ወስዳ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አስነበበቻቸው። ዐናብ ማንም ሳያግዛት ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው የመጀመሪያው ጽሑፍ ያ ነው። የሆድ ትላትል የልጆችን ደም ይመጥጣሉ፤ መድኃኒቱን በወቅቱ ይውሰዱ ይላል። ከሥሩ ሆዷ የተነፋ ልጅ ተሥላለች። ዐናብ ያንን ግድግዳ ከሰው አብልጣ አመነችው። ሰው ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ይናገራል፤ ግድግዳው ሄደሽ ባየሽው ቁጥር ያንኑ ይልሻል። ከዚያ ወዲህ ከገጠር የመጣ የኢልሃን ሆድ ሳይጠረግ ምጣድ አጠገብ አይደርስም።

መስከረም በሰላም አለፈ። ጥቅምት ላይ የሽንት ቤቱ በር ቶሎ ቶሎ ሲንጓጓ ሰማች። ልጅቷ ውሃ ደጋግማ ትደፋለች።

"ጀመረሽ?"

"ምኑ?"

"ኢልሃን!"

"ትንሽ ናት ሆዮ፣ ወላሂ ትንሽ ናት።"

"ትንሽ ደም የሚባል የለም።"

በማግስቱ ሱቅ ተቀምጣ ሳለ ፋርቱን መጣች። ፋርቱን አጠገቧ ሽቶ የምትሸጥ ጎረቤት ናት፤ ከሽቶው ይልቅ ወሬዋ ሩቅ ይደርሳል።

"አንቺ ሴት፣ አልገባሽም እንዴ?" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እሷ ጋ ስትሆን ደህና፣ አንቺ ጋ ስትመጣ ሕመምተኛ። አስራባታለቻ!"

"ምኗን?"

"ሆዷን ነዋ። ከእሷ እጅ ካልበላች እንዳይስማማት። የራሷ ሴት ልጅ የላትም አይደል?"

"አስተግፊሩላህ በይ!"

"እኔ ምን አውቄ። ዝም ብዬ ነው የማወራው።"

ፋርቱን ዝም ብላ አውርታ ሄደች፤ ወሬው ግን ከዐናብ ጋር ቤት ገባ። ባቱሎ የላከችውን ሱባግ፣ ያንን የነጠረ ቅቤ፣ ከመደርደሪያ አውርዳ አሸተተችው። ቅቤ ቅቤ ይላል። ይህም አጠራጠራት። ሙሉውን ወስዳ ጉድጓድ ውስጥ ደፋችው። ልጅቷ ግን ቅቤው ሄዶም አልተሻላትም። በሳምንቱ መጨረሻ ሱቁን ለፋርቱን አደራ ብላ፣ የት እንደምትሄድ ሳትናገር ሽንሌ ሄደች።

የካራማራን ተራራ ሲያልፉ ጉም ነበር። ሐረር ላይ ፀሐይ ወጣች፤ ድሬዳዋ ስትደርስ ሻርፗ በላብ ርሷል። ሽንሌ ስትገባ ወደ ቤቱ አልሄደችም፤ ባቱሎ በዚያ ሰዓት የት እንደምትሆን ታውቃለች። አሸዋማው ወንዝ ዳር ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው ማሳ ውስጥ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሰብስባ፣ ባዶ እግሯን ጭቃ ውስጥ ቆማ ውሃ ከመደብ ወደ መደብ ትመራለች።

"ናያ ዐናብ! አንቺ ሴት፣ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ይሄ ፊት የምንድን ነው?"

ባቱሎ ውሃውን ዘጋች፤ ዐናብ ተከትላት ወደ ቤት ገባች፤ ባቱሎ እጇን እስክትታጠብ እሷ ማድቤት ገብታ የድስት ክዳን ማንሳት ጀመረች። ወተቱን አሸተተች። የማሽላውን ዱቄት በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰች። ከጣሪያው ላይ የተሰካ ደረቅ ቀንበጥ አየችና መዝዛ አወጣችው።

"እሱ የጥርስ መፋቂያ ነው" አለች ባቱሎ ከበሩ። ቆማ ስታያት ነበር። "ከአልጋው ሥር ደግሞ አልፈተሽሽም።"

"ምኑን?"

"ልትሰርቂኝ ካልመጣሽ የምትፈልጊውን ነዋ።"

ዐናብ ቀና አለች። "ልጄን ምንድን ነው የምታበያት?"

"ማሽላ። ወተት። ሲገኝ ሥጋ። አንቺስ?"

"እኔ ጋ ትደማለች፣ ባቱሎ!"

የባቱሎ ፊት ተለወጠ። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። "አሁንም? በዚያ ደህንነቷ ሄዳ?"

"በዚያ ደህንነቷ።"

ከዚያ ባቱሎ ቀስ ብላ ጀመረች፤ ቀስ ብላ የጀመረችው ግን እየጋለ ሄደ። "እኔ ጋ ስትሆን ጫማዋን ወርውራ እዚያ ጭቃ ውስጥ ስትሮጥ ነው የምትውለው። አንድ ቀን ሆዴን አላለችኝም። ልጅቷ ግን ነግራኛለች፤ ደጃፍ ላይ አቁመሽ የምታስውጫት ነገር አለ። እሱ ምንድን ነው?"

"የትል መድኃኒት ነው! ሁሉም ልጅ ይወስደዋል።"

"ሁሉም ልጅ ይደማል?"

"ባቱሎ!"

"እዚህ ያልታመመች ልጅ እዚያ ኪኒን ውጣ ትታመማለች። አንቺ ግን መጥተሽ የእኔን ድስት ታሸቻለሽ። ያንቺንስ ብርጭቆ ማን ያሽትልኝ?"

ዐናብ ያን ምሽት ድሬዳዋ ዘመድ ቤት አደረች፤ ባቱሎ ጋ አላደረችም። ተናዳ ነው የወጣችው። በመንገድ ላይ ግን ንዴቱ ሲበርድ ሌላ ነገር እሾህ ሆኖ ቀረ። ኪኒን፣ ከዚያ ሕመም። ኪኒን፣ ከዚያ ሕመም። ደግሞስ ያ ፋርማሲ የሚሸጥላት ተመሳስሎ የተሠራ ቢሆንስ? ማን ያውቃል?

ጅግጅጋ እንደ ደረሰች የኪኒኑን ካርቶን ይዛ ዶክተር ተሻለ ጋ ገባች፤ ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

"ይሄ ሐሰተኛ ነው ወይስ እውነተኛ?"

ሐኪሙ አገላብጦ አየው። "ደህና ነው። ለምን?"

ነገረችው። ስለ ክረምቱ፣ ስለ ደጃፉ፣ ስለ ጭቃው። እየሳቀባት እንደሆነ ፊቱን ስታጠና እሱ ጭራሽ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"በየዓመቱ ስትመለስ? ሳትመረመር?"

"ግድግዳው ላይ ተጽፏል።"

"አዎ፣ ተጽፏል" አለ፤ አገጩን አሻሸ። "ወይዘሮ ዐናብ፣ የምነግርሽ ነገር ገና ያላለቀ ነገር ነው። እርጥብ አፈር ውስጥ በእግር ቆዳ የሚገባ ቀጭን ትል አለ። ትል ሰው ሆድ ውስጥ ለመኖር ዘቡን ማረጋጋት አለበት፤ ካላረጋጋው ይገድለዋል። ትል በበዛበት አገር ይህ የኢልሃን ሕመም ብዙ አይታይም። ትሉ ያረጋጋው ዘብ አንጀቱንም ስለሚተው ይሆናል የሚሉ አሉ። ውጭ አገር በሽተኞችን ሆን ብለው የትል እንቁላል አጠጥተው የሞከሩም አሉ።"

"አጠጥተው!"

"አጠጥተው።"

"ዳኑ?"

"የተሻላቸው አሉ። ምንም ያልለወጣቸውም አሉ። የእኛም ልጅ ትል ነበራት አልነበራትም፣ አሁን ማወቅ አንችልም፤ ኖሮም ከሆነ ኪኒኑ አውጥቶታል። ምናልባት ነው የምልሽ።"

ዐናብ ዓይኗን አጠበበች። "ልጄን ልትሞክርባት ነው?"

"አይ! እኔ ትል አላዝም። ያው ትል ደም ይመጥጣል፤ ኢልሃን ደግሞ የምትሰጠው ደም የላትም። ኪኒኑም ጠላትሽ አይደለም፤ ስንት ልጅ አድኗል። ሳትመረመር አትስጫት፣ በቃ። አሁን የሚያስፈልጋት ያዘዝኩላት የአንጀት መድኃኒት ነው። ክረምት ላይ ለምን አቋረጣችሁት?"

"ዳነች ብዬ።"

"አልዳነችም፤ ተኝቶላት ነው። መድኃኒቱ አሁን እዚህ የለም። ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ፤ ጥቂት ታገሡኝ።"

ዐናብ ምናልባት የሚባል ቃል ይዛ ወጣች። ግድግዳው ላይ ምናልባት የለም። መድኃኒቱ አልመጣም፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች። ደብተሯን ደረቷ ላይ አድርጋ ተጋድማ ታነባለች፤ ከንፈሯ ወረቀት መስሏል። ሐኪሙ ካለው ሁሉ በዐናብ ጆሮ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፈሩ። ትል ደም ይመጥጣል ያለውን ሰምታለች፤ ግን ደሙ እንደሆነ አሁንም እየፈሰሰ ነው። ሐኪሙ አላዝም አለ እንጂ ማን ከለከላት? አንድ ጣሳ እርጥብ አፈር ምን ያደርጋል?

ለማንም ሳትናገር እንደገና ሽንሌ ወረደች። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዛለች።

ባቱሎ ጣሳውን አየች፤ ዐናብን አየች። "ዛሬ ደግሞ ምን ልታሸቺ ነው?"

"ከሽንኩርቱ መደብ ትንሽ አፈር ስጪኝ።"

"አፈር?"

"እርጥቡን።"

ባቱሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። "ከደጄ አፈር ወስደሽ ምን ልታደርጊበት?"

"አትጠይቂኝ።"

"የሰው አፈር የሚወስድ ሰው ለደግ አይወስድም! ወንድሜ ሞቷል፤ ቀሪዋ እኔ ነኝ። ልትቀብሪኝ ነው?"

"ባቱሎ፣ በአላህ ይዤሻለሁ። ለልጅቷ ነው።"

ባቱሎ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጣሳውን ራሷ ሞላች፤ ክዳኑን ጠቅ አድርጋ ዘጋች፤ ግን አልሰጠቻትም። ብብቷ ሥር ወሸቀችው። "አፈሬ ያለ እኔ የትም አይሄድም። ምን እንደምታደርጊበት ቆሜ አያለሁ።"

ሁለቱ ሴቶች ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ጣሳው በባቱሎ ጭን ላይ። ጅግጅጋ ሊደርሱ ሲሉ ኬላው ላይ መኪናው ቆመ። በዚያ መንገድ የሚፈተሸው ከጅግጅጋ የሚወጣው ዕቃ ነው፤ ወደ ጅግጅጋ የሚገባውን ብዙም የሚነካው የለም። ፈታሹ ግን አንገቱን ሲያስገባ በሁለት እጇ ጣሳ ያቀፈች ሴት አየ።

"እናቴ፣ ምንድን ነው?"

"አፈር" አለች ባቱሎ።

"ምን?"

"አፈር ነዋ። አፈር አታውቅም?"

ሰዉ ሳቀ። ፈታሹ አልሳቀም። "ለምን?"

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። "ለአበባ" አለች ዐናብ ፈጠን ብላ።

"አበባ የላትም" አለች ባቱሎ።

ፈታሹ ጣሳውን ተቀብሎ ወረደ። ዱላ ከቶ አማሰለው። ምንም አላገኘም፤ ምንም አለማግኘቱ ይብስ አጠራጠረውና ፀሐይ ያጋለው አስፋልት ላይ ዘረገፈው። በጫማው ጫፍ በተነው። ጥቁሩ ጭቃ ዓይናቸው እያየ ግራጫ ሆነ፣ ተሰነጣጠቀ።

"እናቶቼ፣ ጅግጅጋ አፈር አልቋል?" ብሎ ባዶውን ጣሳ በመስኮት መለሰላቸው።

መኪናው ሲነሳ ዐናብ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ባቱሎ መጀመሪያ የሳቀች መስሏት ነበር።

"ናያ፣ ምን ሆንሽ? ጭቃ ነው እኮ።"

ያኔ ነገረቻት። ትሉን፣ ዘቡን፣ ውጭ አገር እንቁላል የጠጡትን ሰዎች። ሐኪሙ አላዝም ማለቱንም፣ የአንጀቱ መድኃኒት ክረምት ላይ መቋረጡንም አልደበቀችም። ባቱሎ አፏን ከፍታ ሰማች፤ ከዚያ እስክታነባ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመ።

"ማለት፣ በፍቅሬ አይደለም የዳነችው። በማሳዬ ቆሻሻ ነው።"

"ምናልባት ነው ያለው።"

"እንደገና ሰደብሽኝ እኮ።"

"ድስትሽን ማሽተት አልነበረብኝም፣ ባቱሎ።" ዐናብ ይህን ያለችው ወደ መስኮቱ ዞራ ነው። "ማሽተት የነበረብኝ የራሴን ብርጭቆ ነው።"

ባቱሎ ባዶውን ጣሳ ጭኗ ላይ አዞረችው። "ሐኪሙ አታቋርጪ ያለሽን መድኃኒት ትተሽ፣ አታድርጊ ያለሽን ይዘሽ ልትሄጂ? ልጅቷ ደም የላትም እያለሽ? ከእኔ ጋር ስትሆን ይሻላታል ካልሽ አፈሩን ተይና እኔን ውሰጂኝ።"

እንዲያ ሆነ። ባቱሎ ለጥቂት ቀን ብላ መጥታ እስከ ግንቦት ቆየች። የአንጀቱ መድኃኒት ከአዲስ አበባ ደረሰ፤ ሐኪሙ ደም የሚተካ ሌላ ኪኒን ጨመረበት። ባቱሎ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪኒን ሐኪሙን ራሱን ሄዳ ጠየቀች። "ይሄ ምን ይገድላል?" ትለዋለች። "ምንም አይገድልም እናቴ" ሲላት "ታዲያ ለምን ይጠቅማል?" ትለዋለች። ጥር አካባቢ የሽንት ቤቱ በር መንጓጓቱን ቀነሰ። መድኃኒቱ ነው አለ ሐኪሙ። ባቱሎ እኔ ነኝ አለች። ዐናብ ለሁለቱም ራሷን ነቀነቀች፤ አንዳቸውንም ሙሉ በሙሉ አላመነችም። ኢልሃን ግንቦት ላይ ፈተናዋን ተቀመጠች፤ ወደ ውጭ አልሮጠችም።

ክረምቱ ሲመጣ ሽንሌ ትሂድ አትሂድ ተብሎ ብዙ ተጨቃጨቁ። ሐኪሙ መድኃኒቷን ካላቋረጠች፣ ማሳው ውስጥ ጫማ ካደረገች ትሂድ አለ። ዐናብ የፕላስቲክ ቦት ጫማ ገዝታ በእጇ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችላት።

መስከረም መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ተመለሰች። ጉንጯ ሞልቷል። ደጃፉ ላይ እንደ ልማዷ ቆመች፤ እጇን ለኪኒኑ ዘረጋች። ዐናብ ግን የያዘችው ብርጭቆውን ብቻ ነበር።

"የት አለ?"

"ነገ ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን፤ ይመረምርሻል። እሱ ካለ ትወስጃለሽ።"

ኢልሃን ውሃውን ጠጥታ ልትገባ ስትል እናቷ ክንዷን ያዘቻት። "ቆይ። እግርሽን አሳዪኝ።"

"ሆዮ!"

"አሳዪኝ አልኩሽ።"

ልጅቷ የበሩን መቃን ተደግፋ አንድ እግሯን አነሳች። ዐናብ ጎንበስ አለች። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቆቹ ውስጥ የታጠበ የማይመስል ጥቁር መስመር አለ። አውራ ጣቷን በላዩ አሳለፈች። ቦት ጫማው ሻንጣው አፍ ላይ ይታያል፤ አዲስ እንደሆነ ነው።

"ጫማ አድርገሽ ነበር?"

ኢልሃን ከንፈሯን ነከሰች። "አንዳንዴ።"

ዐናብ እግሩን ይዛ ቆየች። ልትቆጣ አስባ ነበር፤ ልትስቅም አስባ ነበር። አንዱም አልመጣላትም።

"ግቢ" አለች በመጨረሻ፤ መንገዱን ለቀቀችላት።